የድንጋዩ ጉባኤና የጠፋብን ቀን

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ባና ማራገፍ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ የጠናችበት የጥቅምት ጠዋት ነው። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ግቢው መሐል ቆምን። የበግ ጠጉር ባና ከባድ ነው፤ የእኛው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ጭስና እርጥበት ጠጥቷል።

"ከፍ አድርጊው እንጂ!" ይለኛል።

"የምታወርደው አንተ ነህ" እለዋለሁ። በሰው ፊት እርስዎ፣ ለብቻችን ስንሆን ግን አንተ ነበር የምለው።

አራግፈን አጥር ላይ ስናሰጣው አቧራው አስነጠሰው። "ይማርህ አትይኝም?" አለ። "ሥራ ላይ ነኝ" አልኩት። ከዚያ እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ እሱ ወደ ብራናው ሄደ። በማግሥቱ ውጋት ያዘው፤ በዘጠነኛው ቀን ቀበርነው። ይማርህ ሳልለው መቅረቴ ብዙ ቀን ቆጭቶኛል፤ አሁን ግን ሳስበው ፈገግ እላለሁ።

አርባው ከወጣ በኋላ የባለቤቴ እህት መጣች። ደግ ሴት ናት፤ እኔን ሳትጠይቅ አንድ ሳምንት አታሳልፍም። አጠገቤ ተቀምጣ ራሴን ዳበሰች። ለኀዘን የተላጨሁት ፀጉር ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር።

"ይኼን እንደገና ተላጭተሽ ቆቡን ድፊበት እንጂ" አለችኝ። "ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። ቤቱን ለማን ነው የምትጠብቂው? ለአይጥ?"

"አይጥም ቤት ያስፈልገዋል።"

"አሁንም ትቀልጃለሽ! ወንድሜ ነው ያበላሸሽ።"

የነፍስ አባቴም እንደ እሷ አሰቡ። አልተጫኑኝም፤ "እስከ ዐቢይ ጾም አስቢበት ልጄ" ብለው ሄዱ። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልቀረላት ሴት መመንኮሷ የተለመደ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይጠይቃትም። ጥያቄው ግን ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ባሌ በሕይወት ሳለ፣ ቆቡን አጥብቄ የፈለግሁት ራሴ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከአሳቤ ምን እንደመለሰኝ ብጽፍ መንገዱ ይታየኛል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረችን። በሦስት ዓመቷ ፈንጣጣ ወሰዳት። ከቀበርናት በኋላ ባሌ አንድ ቀን ስለ እሷ አንሥቶ አልተናገረም። በማለዳ ተነሥቶ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ብራናውን ያሰምራል፣ ይጽፋል። ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን የባሕረ ሐሳብ አዋቂም ስለነበር ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል ሊጠይቁት ከሩቅ አጥቢያ ሳይቀር ይመጡ ነበር። እሱም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን በጣቱ ቆጥሮ ይነግራቸዋል። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። ልጁን የቀበረ ሰው እንዴት ስለ ፋሲካ ይጨነቃል እያልኩ ልቤ ከእሱ እየራቀ ሄደ።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። በጥምቀት ሰሞን አንድ ጠዋት፣ "ከዐቢይ ጾም በፊት ቆብ ልደፋ ነው። ፈቅደህ አሰናብተኝ" አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። "አልከለክልሽም" አለ። "ግን አንድ ነገር አብረን ሳናደርግ አትሂጂ። የድንጋዩን ጉባኤ አይተን እንምጣ። ስንመለስ ልብሽ እንደዚሁ ከሆነ ገዳሙ ድረስ ራሴ አደርስሻለሁ።"

የድንጋዩን ጉባኤ በአንኮበር የማያውቅ የለም፤ ያየው ግን ጥቂት ነው። ጨው የሚያመጡ ነጋዴዎች ናቸው ወሬውን የሚያወሩት። በቆላው በረሃ መሐል፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ፣ እንደ ሰው የቆሙ ረጃጅም ድንጋዮች አሉ ይላሉ። ባሌ ከተማሪነቱ ጀምሮ ሊያያቸው ይመኝ ነበር።

ወሬው ሲሰማ የጎረቤት መሣቂያ ሆንን። "ሰው ገዳም ይሄዳል፣ ጠበል ይሄዳል" አለችኝ አንዷ ውሃ ስንቀዳ። "ድንጋይ ለማየት የሚሄድ ዛሬ ሰማሁ! አንኮበር ድንጋይ አነሰሽ?" እኔ የሄድኩት ስንመለስ ያሰናብተኛል ብዬ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ዓርብ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወረድን። የሚመራን ሰው እዚያ ይጠብቀን ነበር። የአዳል ሰው ነው፣ ጨው ነጋዴ፣ ለባሌ የቀለም ሙጫ እያመጣለት ብዙ ዓመት የተዋወቁ። አማርኛችንን ከእኛ አሳምሮ ይናገራል።

"ደብተራ፣ ሴትዮዋን ለምን አመጣሃት?" አለው ሲያየኝ።

"ጉባኤውን ልታይ ነዋ።"

"እኔ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ አንድም ቀን ቆሜ አላየሁትም። እናንተ ደገኞች ሥራ አጣችሁ" ብሎ ሣቀ። ቢሆንም በቅሎዎቻችንን አየ፣ ኮቴያቸውን ደባበሰ፣ ሁለት ትልልቅ የውሃ ስልቻ በግመሉ ጫነልን።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተን ሰኞ ወደ ማታ ደረስን። እኔ ከደብረ ብርሃን ሜዳ፣ ከብርዱ አገር የተገኘሁ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሙቀት አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ገብሱ ቀረ፣ ቀጥሎ ማሽላው ቀረ፣ ከዚያ ግራሩ እየተራራቀ ሄዶ እሱም ቀረ። ሦስተኛው ቀን ላይ የሚታየው ጥቁር ጠጠርና ነጭ ሰማይ ብቻ ሆነ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን ባሌ በቅሎውን አቁሞ በጣቱ አሳየኝ።

በእውነት ቆመዋል። ከአርባ ይበልጣሉ። አንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የሚያህል ከፍታ አለው። ከላይ ጥቁር ናቸው፣ ወደ እግራቸው ደማቅ ቀይ። ነፋስ ሸርሽሮ አንገትና ትከሻ አውጥቶላቸዋል። ሁለቱ ራስ ለራስ ተደጋግፈው በመካከላቸው ሰው የሚያሳልፍ በር ሠርተዋል።

"ለቀስተኞች ይመስላሉ" አልኩ።

"እኔ ደግሞ ማኅሌት የቆሙ መሰሉኝ" አለ።

መሪያችን ድንኳኑን በትልቁ ድንጋይ ሥር አብሮን ተከለ። በማግሥቱ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ግመሉንና በቅሎዎቹን ውሃ ወዳለበት፣ ዘመዶቹ ወደ ሰፈሩበት ሊወስዳቸው ተነሣ። ጦሩን ድንኳናችን ደጃፍ ላይ ተከለው። "ይህን ያየ የእኔ እንግዶች እንደሆናችሁ ያውቃል፤ የሚነካችሁ የለም። ዓርብ ከስግደት በኋላ መጥቼ እወስዳችኋለሁ። ውሃው እስከዚያ ይበቃችኋል፤ ለመጠጥ ብቻ!" አለን። ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ "ለመጠጥ ብቻ፣ እቴ" ብሎ ደገመው። ደገኛ ሴት ልብስ ማጠብ እንደምትወድ ያውቃል መሰለኝ።

ያን ቀን እስከ ቀትር በድንጋዮቹ መካከል ዞርን። ባሌ እንደ ልጅ ነበር። አንዱን አቅፎ ይለካዋል፣ ሌላውን አንኳኩቶ ድምፁን ይሰማል። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናታችንን መታችን፤ ሁለታችንም እያጥወለወለን ድንኳን ገብተን ወደቅን።

ስህተታችን የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከእንቅልፌ ስነቃ ነፋስ ድንኳኑን ያርገፈግፈዋል፤ ውጭው በአቧራ ታፍኖ ደብዘዝ ያለ ብርሃን አለ። ባሌ ተነሥቶ ተቀምጧል። "ነግቷል፤ አቧራው ነው ፀሐይዋን የከለላት። ዛሬ ረቡዕ ነው" አለኝና ውዳሴ ማርያም ጀመረ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን ሰባት ክፍል አለው፤ በየማለዳው የዕለቱን አብረን እናደርሳለን። ስለዚህ በቤታችን ቀኑን የምናውቀው በጸሎቱ ነበር። የረቡዕን አደረስን። ረቡዕ ጾም ነውና እህል አልቀመስንም። ወዲያው ውጭው ጨለመ፤ አቧራው ባሰ ብለን ተሸፋፍነን ተኛን። ስንነቃ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታለች። "ሐሙስ ነው" አለ ባሌ። እኔም ሐሙስ ነው አልኩ። የቋንጣውን ከረጢት ፈትቼ አቀረብኩ፤ በደስታ በላን።

ሐሙስ ያልነው ቀን ከሕይወቴ መልካም ቀኖች አንዱ ነው። ነገ መሪያችን ይመጣል ብለን በውሃው ደፈርን። እሱ እግሩን ታጠበ፣ እኔ ነጠላዬን አለቀለቅኩ። ወደ ማታ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ጀርባችንን ለትልቁ ድንጋይ ሰጥተን ተቀመጥን። ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ይዞ ነበር፤ ወገቤን እንደ ምድጃ አሞቀኝ።

"ዛሬ ብትኖር አራት ዓመት ከሰባት ወር ይሆናት ነበር" አለ ባሌ በድንገት።

ዞሬ አየሁት። እሱ ፊት ለፊት ነው የሚያየው።

"ትቆጥራለህ?"

"በየማለዳው። ቀለሙን ስበጠብጥ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ ዝም አልሽ። ባነሣባት ቁስልሽን የምነካ መሰለኝ።"

"እኔ ደግሞ ረሳሃት ብዬ ነው ቆብ ያልኩት" አልኩት። ይህን እስክናገር ድረስ እኔም አላውቀውም ነበር። አለቀስን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ። ቢሆንም ስለ ቆቡ አሳቤን ለውጫለሁ አላልኩትም። ሰው አሥራ ስምንት ወር ያሰበውን በአንድ ማታ አይጥልም።

በማግሥቱ ዓርብ ነው ብለን ጾምን፣ ጠበቅን። ስግደት የሚያልቅበት ሰዓት አለፈ። ጥላው ረዘመ። ሰው የለም፣ ግመል የለም። የመጀመሪያው ስልቻ ባዶ ነው፤ ሁለተኛውን ሳነሣው ከታች ትንሽ ተንቦጫረቀ።

ቅዳሜ ነው ባልነው ጠዋት ባሌ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ተነሣ። የቀረውን ውሃ በቅል ቀድቼ ሰጠሁት። ወደ ከንፈሩ አስጠጋና "ጠጥቻለሁ፣ ያንቺ ነው" አለኝ። ቅሉን አየሁት፤ እንደሞላ ነው።

"ለማኝ እንኳ እንዲህ አይዋሽም። ጠጣ!"

ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እኔ ጠጣን። ከዚያ በትሩን አንሥቶ፣ "ግመሉና በቅሎዎቹ የሄዱበት ዱካ ይታያል፤ እየተከተልኩ ውሃውን ላግኝ። አንቺ ጥላው ሥር ቆዪ" አለኝ።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ደብቄ ልተወው አልችልም። እኔ ከእሱም ከዓለሙም ልለይ የወጣሁ ሴት ነኝ። ያለ እሱ ለመኖር ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። በትሩን ሲያነሣ ግን ነጠላውን ጨምድጄ ያዝኩት።

"አትሄድም።"

"እንሞታለን እኮ።"

"አብረን እንጠብቃለን። ብትሄድ እከተልሃለሁ፤ እኔ ደግሞ መራመድ አልችልም፤ እንግዲህ አዝለኸኝ ሂድ።"

ቆሞ አየኝ። በትሩን ጣለው። "ገዳም ልትገባ የነበረችው ሴት የት ሄደች?" አለ።

"በረሃ በላት" አልኩት።

ፀሐይ ከአናታችን ፈቀቅ ስትል ከሩቅ ዘፈን ሰማን። መሪያችን ነው፤ በግመሉ ላይ ሆኖ፣ በቅሎዎቻችንን አስከትሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እያዜመ ይመጣል። ባሌ ውሃውን እንኳ ሳይቀበል ጮኸበት።

"ሰው ቃል ይገባል! ዓርብ ብለኸን ቅዳሜ ትመጣለህ?"

ሰውየው ከግመሉ ሳይወርድ አፈጠጠ። "ምን ቅዳሜ? ዛሬ ጁምዓ ነው! አሁን ሰግጄ መምጣቴ ነው።"

"ቅዳሜ ነው እልሃለሁ! እኔ እኮ የቀን አዋቂ ነኝ!"

"ወላሂ፣ ጁምዓ ነው! አንተ በመጽሐፍ ትቆጥራለህ፤ እኔ በግመል ጥማት እቆጥራለሁ። ይህ ግመል ማክሰኞ ነው የጠጣው፤ እስቲ ሆዱን እየው፣ አራት ቀን የተጠማ ይመስላል?"

ባሌ ግመሉን አየ፤ ከዚያ ጣቶቹን ይቆጥር ጀመር። ሰኞ ደረስን፣ ማክሰኞ ዞርን፣ ተኛን። አውራ ጣቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ያ በአቧራ የታፈነ ማለዳ ማለዳ አልነበረም፤ የዚያው የማክሰኞ ምሽት ነበር። አንዱን ሌሊት ለሁለት ከፍለን አንድ ቀን ጨምረናል።

"እንግዲያውስ..." አለ ቀስ ብሎ፣ "እንግዲያውስ ቋንጣውን የበላነው ረቡዕ ነው!"

ውሃው ያለቀበት፣ ሊሞት የነበረ ሰው፣ የመጀመሪያው ጭንቀቱ ይህ ሆነ። ሣቄ መጣ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ሥቄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሆዴን ይዤ ድንጋዩን እስክደገፍ ሣቅሁ። እሱም መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አብሮኝ ሣቀ። መሪያችን ሁለታችንንም አይቶ "ፀሐይ መታቻቸው" አለና ውሃ አፈሰሰልን።

ስንመለስ ለነፍስ አባታችን ሁሉን ተናዘዝን። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሰሙን፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የስግደት ቀኖና ሰጡንና፣ "የፋሲካውን ቀን ዘንድሮ ሌላ ሰው ይቁጠርልን ይሆን?" ብለው ባሌን ተረቡት። መሪያችንም በገበያው አውርቶት ኖሮ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቀን ሊጠይቀው ሲመጣ "ዛሬስ ማን ነው ቀኑ?" ሳይለው አይቀመጥም ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ቆቡን አላነሣሁትም፤ እሱም አላስታወሰኝም። በዚያው ጾም መጻፍ ያስተምረኝ ጀመር። ማንበብ ከአባቴ ተማሪዎች ጀርባ ተቀምጬ በልጅነቴ ለምጃለሁ፤ ብዕር ግን ይዤ አላውቅም ነበር። እጄ ዘገምተኛ ነው። "ቀንድ አውጣ ከአንቺ ይፈጥናል" ይለኝ ነበር። ስለ ልጃችንም ከዚያ ወዲህ እንደልባችን እናወራ ነበር፤ ስንት ዓመት እንደሚሆናት ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ልጅ ትሆን እንደነበር እነግረዋለሁ። አምስት ዓመት ከምናምን ወር እንዲህ ኖርን። እግዚአብሔር ሌላ ልጅ አልሰጠንም፤ ግን ደስ ብሎን ኖርን።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ነው መልሴን ያገኘሁት። ያን ጊዜ ቆቡን የፈለግሁት እግዚአብሔርን ፈልጌ ሳይሆን ከኀዘኔ ልሸሽ ነበር። ዛሬ ብደፋውም ያው ነው። መነኮሳይት መሆን ትልቅ ነገር ነው፤ መሸሸጊያ ላደርገው አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ እህት መጥታ ስትጠይቀኝ እንደዚሁ ነገርኳት።

"እና ምን ልትሆኚ ነው?" አለችኝ።

"ያው የነበርኩትን።"

"ብቻሽን?"

"አንቺ በየሳምንቱ እየመጣሽ እንዴት ብቻዬን እሆናለሁ?"

ተኮሳትራ፣ "ለቆላ ዘመዶቼ መልእክት መላክ ፈልጌ ነበር። ወንድሜ ነበር የሚጽፍልኝ" አለች። ብራና አወጣሁና የምትለውን ጻፍኩላት። በመሐል ሁለት ጊዜ አልቅሳ ሦስት ጊዜ ተቆጣችኝ፤ ዝግተኛ ነሽ ብላ። ሲያልቅ ሳነብላት "ድምፄን ይመስላል" አለች። በማግሥቱ ጎረቤቷን ይዛ መጣች፤ የጎረቤቷ ወንድም እንጦጦ ነው ያለው።

የነፍስ አባቴም ሲሰሙ "መልካም" አሉ።

አንኮበር ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ ጸጥ ብላለች፤ ብዙ ቤት የሄደ ሰው አለው። አሁን ቤቴ ውስጥ ነኝ። ጠዋት ገብሴን ፈጭቼ ስጨርስ፣ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ተቀምጬ ዘመድ ለራቀባቸው ሴቶች ደብዳቤ እጽፋለሁ።